ልጄ በሱቅ የሚያውቀውን በክፍል ለምን ያጣዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ማራኪ ሲሆን፣ ከቤታችን ደጃፍ አነስተኛ ሱቅ አለን። የ8 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ባነሣ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሕመሙ የለም። የ65 ብር ዕቃ የገዛ ደንበኛ መቶ ብር ሲሰጠው መልሱን ሳያመነታ ቆጥሮ ይሰጣል፤ በፈተናው ላይ ግን 100 ሲቀነስ 65 የሚለውን ስቷል። በውጭ አገር አንስኩሊንግ የሚባል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ በቤቱ በፍላጎቱ የሚማርበት መንገድ እንዳለ ስለሰማሁ ላስወጣው አሰብኩ። አማቴ ግን «ልጁን መሃይም ልታደርጊው ነው» ብለው ተቆጡ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
እናት ነኝ፣ ከጎንደር

መልስ፦ የተከበሩ እህታችን፣ ልጅዎ መቀነስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በገበያና በመንገድ ዳር የሚሸጡ 5 ልጆችን፣ አጥኚዎቹ እንደ ገዢ ቀርበው በሥራቸው ላይ ሳሉ ሒሳብ ሲጠይቋቸው፣ 98 ከመቶ ያህሉን በትክክል መመለሳቸውን ያሳያል። ተመሳሳይ ስሌት ያለ ዕቃና ያለ ገዢ በባዶ ቁጥር ሲቀርብላቸው ግን ትክክለኛው መልስ ወደ 37 ከመቶ ወረደ። እስቲ ልጅዎ መልስ ሲቆጥር ቀረብ ብለው ያዳምጡት፤ ከ65 ተነሥቶ 5 ሲጨምር 70፣ በዚያ ላይ 30 ሲጨምር 100 እያለ ሊሆን ይችላል። ይህ ትክክለኛ ሒሳብ ነው፤ በክፍል የሚጠየቀው ግን ቁጥርን ከቁጥር በታች ጽፎ ከጎን «መበደር» በመሆኑ፣ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን እስካሁን ያሳየው ሰው ላይኖር ይችላል።

አንስኩሊንግ የሚለውን ቃል ያስተዋወቀው አሜሪካዊው መምህር ጆን ሆልት ነው። በክፍል ውስጥ ልጆችን ለዓመታት ሲከታተል፣ ስሕተትን መፍራት ማሰብን እንደሚያግድ በማመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ቤተሰቦች መጽሔት ጀመረ። ልጅዎ አፉን ሲፈታ ማንም ሰዋስው አላስተማረውም፤ የሚያናግረው ሰው አጠገቡ ነበረ፣ ሲሳሳትም አልተቀጣም። ሐሳቡ ይኸው ነው። ነገር ግን ብዙ ወላጆች ይህን ልጅን እንዲሁ መተው አድርገው ስለሚረዱት አዝናለሁ። የወላጅ ድካም በዚህ መንገድ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ልጁ ሲጠይቅ ሥራን አቁሞ መመለስ፣ እውነተኛ ሥራ ማካፈል፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። የሱቁን የዱቤ መዝገብ እሱ ይጻፈው። ፋሲል ግቢ ይውሰዱትና ግንቡ ምን አያይዞት እንደቆመ ሲጠይቅ፣ ድንጋዩን ያጣበቀውን ኖራ በጣቱ ያመልክቱት። ፊደልን በተመለከተም በ, ከ, ለ ወደ ቡ, ኩ, ሉ ሲለወጡ ቀኝ ጎናቸው ላይ የምትወጣውን አጭር መስመር ራሱ ያግኛት፤ ያገኛት ዕለት የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ እየዞረ ሲመረምር ያዩታል።

በከተማችን አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው የቆሎ ተማሪ ትምህርት አንስኩሊንግ አይደለም፤ መምህርም፣ ቃል በቃል ማጥናትም፣ ተግሣጽም አለበት። ሆኖም ተማሪው በዕድሜው ሳይሆን በደረሰበት ይቀጥላል፤ ታላቁም ታናሹን ያስቀጽላል። ለአማትዎ ይህን ቢያነሡላቸው ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም ብዬ አስባለሁ።

ሆኖም ዛሬውኑ ያስወጡት አልልም። አስቀድመው ሐኪም ይየው፤ ከዚያም የሚያስፈራው መምህሩ ይሁን፣ የሚያስቸግረው ልጅ ይሁን፣ ወይም ሒሳቡ፣ ማታ ማታ ሳይጫኑ ይጠይቁት። ምክንያቱ ከአንድ ሰው ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ መፍትሔው ክፍል ወይም ትምህርት ቤት መቀየር ሊሆን ይችላል። በአንስኩሊንግ ያደጉ 75 አዋቂዎች በተጠየቁበት አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት 62ቱ ከፍተኛ ትምህርት መግባታቸው ተገልጿል፤ ነገር ግን ተጠያቂዎቹ በፈቃዳቸው የቀረቡ ስለሆኑ፣ ውጤቱ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይቻልም። በእኛ አገር ደግሞ የ8ኛ ክፍል ክልላዊና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመንገዱ ላይ ስላሉ፣ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ በምን ሁኔታ ተመልሶ እንደሚመዘገብ ከወረዳዎ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ አይወስኑ።

እስከዚያው የክረምቱ ወራት አለልዎት። ምንም የማጠናከሪያ ትምህርት አያስመዝግቡት። ያደረገውን፣ የጠየቀውንና ያነበበውን በየማታው በደብተር ይመዝግቡ። አማትዎም ገበጣ ያጫውቱት፤ የመጨረሻዋ ጠጠር የት ጉድጓድ እንደምታርፍ ከመዝራቱ በፊት ሲናገር ይሰሙታል። መስከረም ሲጠባ ደብተሩን ይዘው ከመምህሩ ጋር ይቀመጡ፤ የ65 ብሩን መልስም ልጁ ራሱ እንዴት እንደሚቆጥር ያሳያቸው።