የመከላከያ በጀት ሲነሳ ካልኩሌተር ያዙ

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ስለ መከላከያ በጀት ከተነሳ ወሬው ቶሎ ነው የሚሞቀው፣ አይፈረድባችሁም፣ ጥቅምት 2014 ከተማው ሲያዝ ስንቶቻችሁ ናችሁ እናታችሁን ይዛችሁ በእግር የወጣችሁት። እኔ ግን እድሜዬን በህዝብ ግንኙነት ስራ፣ ለአለቆች ንግግር ስፅፍ ስለጨረስኩ ቁጥር እንዴት አምሮ እንደሚቀርብ አውቃለሁ፣ እሱን ልንገራችሁ።

ሰሞኑን ፒያሳ ቡና ስጠጣ ሁለት ልጆች የዛን ጊዜውን በጀት አንስተው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው፣ አንዱ "በአንድ አመት አራት እጥፍ ሊሞላ ነበር" ይላል ሌላው "ኧረ ተው፣ ከጠቅላላው አስር ፐርሰንት ምናምን ነው" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ! መጀመሪያ የፀደቀው የ2014 በጀት ላይ ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ብር ነበር፣ በ2015 84 ቢሊዮን ሆነ፣ የ2015 ጠቅላላ በጀት ደግሞ 786.6 ቢሊዮን ነው፣ አካፍሉት። ሶስተኛ ሰው ቢመጣ ደግሞ "ጭራሽ ቀንሷል" ይላችሁ ነበር፣ ምክንያቱም ጥር 2014 ላይ ፓርላማው 122 ቢሊዮን ተጨማሪ በጀት ሲያፀድቅ 90ው ለመከላከያ ነበር፣ ከ22ቱ ጋር ስትደምሩት ከ84 ይበልጣል። እሱም አልዋሸም። የእኛ ሙያ ይሄው ነው፣ ሳይዋሹ መምረጥ።

ደሞ እዛው ተጨማሪ በጀት ውስጥ እርዳታና መልሶ ግንባታም ነበረበት፣ አንድ ላይ ታስሮ ሲመጣ መከላከያውን ልጠይቅ ያለ እንደራሴ ለተፈናቃይ እህል የከለከለ ይመስላል፣ ማን ደፍሮ እጁን ያወጣል?

የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1960 ኬኔዲ "ሶቪየቶች በሚሳኤል እየቀደሙን ነው" ብሎ ቀሰቀሰ፣ ከተመረጠ በኋላ ሲታይ ቀዳሚዋ አሜሪካ ራሷ ነበረች፣ የሚሳኤል ግንባታው ግን ቀጠለ።

ስለዚህ ጋዜጠኛ ልሁን የምትሉ ልጆች፣ ሰኔ ላይ ረቂቁ ሲቀርብ የቲክቶኩን ክሊፕ ተዉትና ካምናው ጋር አወዳድሩት፣ ያምናውን ስትፈልጉ ተጨማሪ በጀቱን እንዳትረሱ። ዋጋውንም እዩ፣ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ነዳጁም መለዋወጫውም የሚገባው በዶላር ስለሆነ በብር ጨመረ የተባለው በዶላር ቀንሶ ልታገኙት ትችላላችሁ።