ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የልጄ ካንሰር አይታይም ተባልን፤ የተረፈንን ገንዘብ ለሌሎች ልጆች ብናውለውስ?

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ኤ ኤል ኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ሕክምና ጀመረ። በወሩ መቅኒው ተመርምሮ የካንሰር ሕዋስ አይታይም አሉን። አሁን ይበላል፣ ይጫወታል። ዘመድ፣ ዕድርተኛና ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ካዋጡልን ገንዘብ ብዙው አልተነካም። አንዳንዶች ውጭ ይዛችሁት ሂዱ ይሉናል። እኔና አባቱ ደግሞ አብረውን ለተኙት ልጆች ብናውለው ደስ ይለናል። ምን ይመክሩናል? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እንኳን የመጀመሪያውን ወር በደኅና አለፋችሁ። አሳባችሁም መልካም ነው። ከሁሉ በፊት ግን የራሳችሁን ልጅ ሕክምና እስከ መጨረሻው የሚያደርሰውን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። በሽታው ሲታወቅ በልጅ ሰውነት ውስጥ እስከ አንድ ትሪሊዮን የካንሰር ሕዋስ እንደሚኖር ይገመታል። መቅኒው በማይክሮስኮፕ ንጹሕ ሆኖ ሲታይ እንኳ በቢሊዮን የሚቆጠር ሊቀር ይችላል። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቀው ለዚህ ነው። አቅም ባላቸው አገሮች በዚህ በሽታ ከተያዙ አሥር ልጆች ዘጠኙ ገደማ ይድናሉ። በእኛ ዓይነት አገር ብዙ ልጆችን የምናጣበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ልጁ ደኅና ሲመስል፣ ወይም የመሳፈሪያው ብር ሲያልቅ ሕክምናው መቋረጡ ነው። እናንተ አሁን ያላችሁት እዚያ አደገኛ ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ከደሴ አዲስ አበባ የሁለት ሰው ደርሶ መልስ፣ በየቀጠሮው የሚያድሩበት ቀን፣ ምግብ፣ የደም ምርመራ፣ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ደምሩና በቀሩት ወራት አባዙት። ልጁ ድንገት ቢተኛ የሚሆን መጠባበቂያም ጨምሩበት። ከዚህ የሚተርፈው ነው ለሌላ የሚውለው።

ውጭ አገር መሄድን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ኤ ኤል ኤል የያዛቸው ልጆች የመቅኒ ንቅለ ተከላ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያድናቸው ሳይቋረጥ የሚሰጥ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ነው። በሽታው ተመልሶ ከመጣ ወይም ሐኪሙ ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ዓይነት ነው ካለ ጉዳዩ ይለያል። ያለዚህ ምክንያት ለቪዛና ለጉዞ ተብሎ ኬሞው ለሳምንታት እንዲቋረጥ አልመክርም።

ከሕክምናው በቤት ውስጥ የሚሰጠው ክፍል ሲመጣ ሁለት መድኃኒት እንዳይምታታባችሁ። ሜርካፕቶፑሪን በየቀኑ፣ በአንድ በተወሰነ ሰዓት ይወሰዳል። በወር ሁለት ቀን መዝለል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሚገባው መጠን 95 በመቶውን እንኳ በማይወስዱ ልጆች ላይ በሽታው የመመለሱ ዕድል ከእጥፍ በላይ እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። ሜቶትሬክሴት ክኒን ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው ፍሬ ሁሉ በዚያው ቀን ይዋጣል። በስህተት በየቀኑ ከተሰጠ መቅኒውን ያደርቃል፣ ሊገድልም ይችላል። ቀኑን ምረጡና በካሌንደር ላይ አክብቡት፤ ክኒኑን የሚሰጠውም አንድ ሰው ይሁን። ቢያስመልሰው በራሳችሁ አትድገሙ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

ትኩሳት ከሁሉ የበለጠ ያስፈራኛል። ነጭ የደም ሕዋሱ በወረደ ልጅ ላይ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙና በብብቱ ለኩ፤ በፊንጢጣ በፍጹም አይለካ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል አስቀድሞ መስጠት ትኩሳቱን ይደብቃል። አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪንና የዲክሎፌናክ መርፌ ደግሞ መድማት ያመጣሉ። አዲስ አበባ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ ሕክምናው ደሴ ላይ ይጀመርለት። ለዚህም የሚከታተለውን ሐኪም አንድ ደብዳቤ አስጽፉ፦ የበሽታው ስም፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ትኩሳት ካለው በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ እንዲጀመርለት፣ ስልክ ቁጥር። ፎቶ አንስታችሁ በሁለታችሁም ስልክ ያዙት። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ከዚያ የተሠራ እርጎ ይቅርበት። ፀበል ቢጠጣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በአካባቢው ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ ካለና ልጃችሁ ከተጠጋው በዚያው ቀን ደውሉ፤ የሚሰጠው መከላከያ የሚሠራው በቀናት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሌሎቹ ልጆች። ገንዘቡን ለልጃችሁ ሕክምና ብሎ የሰጣችሁ ሰው አለና፣ ዓላማው መስፋቱን አስቀድማችሁ ንገሩት። ማዋጣቱ ሲበቃ መዝጋታችሁን በይፋ አስታውቁ፤ የልጅ ፎቶ ገልብጠው የባንክ ቁጥር ብቻ ቀይረው የሚለምኑ አጭበርባሪዎች አሉ። የልጁን ፊትና የካርድ ቁጥሩን አታውጡ። ሒሳቡ ሁለት ሦስት ፈራሚ ይኑረው።

የማን ልጅ ቀጠሮ ሊያቋርጥ እንደ ደረሰ የሚያውቁት የዋርዱ ነርሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ናቸው፤ በእነርሱ በኩል ሂዱ። በአንድ ቀን ለሠላሳ ቤተሰብ ጥቂት ጥቂት ከመበተን፣ ለሁለት ልጆች የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪን ዓመት ሙሉ መሸፈን ይበልጣል እላለሁ። ምርመራ ወይም መድኃኒት ስትከፍሉ በደረሰኝ በቀጥታ ለላቦራቶሪው ወይም ለመድኃኒት ቤቱ ይሁን። ውጭ ያሉት ወገኖች መድኃኒት በሻንጣ እንላክ ቢሉ እሺ አትበሉ። አስፓራጂኔዝ የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ለምሳሌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ሙቀት ካገኘው ይበላሻል፣ ብልቃጡን በማየትም አይታወቅም። ራሳችሁ ማስተዳደሩ ከከበዳችሁ ለሌሎች አስረክቡት። አዲስ አበባ ላይ ተስፋ አዲስ የሚባለው የካንሰር ሕሙማን ልጆች ወላጆች ድርጅት ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ማደሪያና ምግብ ያቀርባል። በሉኪሚያ ልጃቸውን ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበርም አለ።

ገንዘብ የሌለው ዘመድ ደግሞ ደም ይስጥ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ሁሉም በአንድ ቀን አይሂዱ። መድማትን የሚያቆመው ፕላትሌት ከተቀዳ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ዕድሩ ስም ዝርዝር ይዞ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሰው ቢልክ ዋርዱ ዘወትር ያገኛል።