ፓምፑን ከመጣላችሁ በፊት፦ ስለ አሮጌ መኪና ነዳጅ ፓምፕ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ስለ ነዳጅ ፓምፕ። ከደጀን፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከባሕር ዳር። ጎጃም ውስጥ ይህን ያህል ሰው የአባቱን መኪና ዛሬም እያስነሳ መሆኑን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። የመጨረሻው የጥንቱ ቮልስ (ቢትል የሚባለው) ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው በፈረንጆች 2003 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለን ያው ያለን ነው፣ መንከባከብ ይገባናል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት ፓምፑ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልበል። የማወራው ቤንዚን ስለሚጠቀሙ፣ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ስላላቸው መኪኖች ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚዞር አንድ ጉብታ አለ። እሱ የፓምፑን ምላስ ይገፋል፣ ምላሱ ዲያፍራሙን (ፓምፑ ውስጥ ያለውን ስስ ተጣጣፊ ሽፋን) ይስባል፣ ያኔ ቤንዚን ከታንኩ ይመጠጣል። ጉብታው ሲያልፍ ስፕሪንግ ዲያፍራሙን መልሶ ይገፋዋል፣ ቤንዚኑም ወደ ካርቡራቶር ይሄዳል። ሁለት ትናንሽ ቫልቮች ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይጠብቁታል። በቃ ይኸው ነው። የሚበላሸውም ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ጭራሽ ከፓምፑ ውጭ ነው።

«የ1967 ቮልስ አለኝ። ከጎሐ ጽዮን ስመጣ የአባይን ድልድይ ተሻግሬ ዳገቱን ስይዝ መንገጫገጭ ይጀምርና ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ ይነሳል። መካኒኩ ፓምፕ ቀይር አለኝ። ልቀይር?» (ከደጀን)

አትቀይር ወንድሜ፣ ገና ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላይ ደጋ፣ ታች በረሃ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ፣ ያውም በዝቅተኛ ማርሽ፣ ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተትክ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ፓምፑም እዚያው ሞተሩ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ቤንዚኑ ፓምፑና ቱቦው ውስጥ እያለ ይፈላል። ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ነው፣ እንፋሎት ሲገባበት ዝም ብሎ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፣ ምንም አያደርስም። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ቤንዚን በትንሽ ሙቀት ይፈላል።

ግን ተጠንቀቅ። ኮይል (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ኮረንቲ የሚሰጠው) ሲግልም ልክ እንዲህ ነው የሚያደርገው፦ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ብዙ ፓምፕ በኮይል ጥፋት ተጥሏል። ስለዚህ መኪናው እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ይህን አድርግ። የአየር ፊልትሮውን አንሳና ሞተሩ እንደጠፋ የካርቡራቶሩን ጋዝ በእጅህ ሳብ። ወደ ውስጥ ስታይ ቤንዚን ቀጭን ሆኖ ፊጭ ካለ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው፣ እንግዲያው ወደ ኮይሉና ወደ ካንዴላው ሂድ። ምንም ካልወጣ ካርቡራቶሩ ደርቋል። ያኔ ጨርቅ በውሃ ነክረህ ፓምፑ ላይና ቱቦው ላይ ጠቅልል። በአምስት በአሥር ደቂቃ ከተነሳ ቤንዚኑ ፈልቶ ነበር ማለት ነው።

መድኃኒቱም አዲስ ፓምፕ አይደለም። ቱቦው የጋለ ብረት ላይ እንዳይተኛ አድርግ። የፋኑን ቺንጋ አጥብቅ። ሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና የጎማ ማሸጊያዎች ሁሉም በቦታቸው መኖራቸውን እይ፤ አሮጌ ቮልስ ላይ ግማሾቹ ወድቀው ነው የማገኛቸው፣ እነሱ ከሌሉ ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ከፓምፑ ሥር ያለችው ጥቁር መቀመጫም እንዳትሰነጠቅ፤ ሙቀት የምትከላከለው እሷ ናት። በተረፈ በረሃውን በጠዋት ተሻገር።

«ፓምፑ መድከሙን ሳልገምት በትክክል የማውቀው በምንድን ነው?» (ከደብረ ማርቆስ)

በጠርሙስ። መጀመሪያ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን የኮረንቲ ሽቦ ንቀል፣ ብልጭታ እንዳይኖር። ከዚያ ወደ ካርቡራቶር የሚገባውን ቱቦ አውጥተህ ጠርሙስ ውስጥ ክተተው፣ አንድ ሰው ሞተሪኖ ይምታልህ። በየምቱ ጠንከር ብሎ እየተረጨ ከመጣ ፓምፑ ደህና ነው። አረፋ የበዛበት ከሆነ ከኋላ አየር እየሳበ ነው። ከተንጠባጠበ ደክሟል፣ ወይም ከታንኩ የሚመጣው መስመር ተዘግቷል። የቮልስ ፓምፕ ሞተሩ በደንብ ሲዞር በደቂቃ 400 ሲሲ ያህል እንዲያወጣ ነው የተሠራው፤ በሞተሪኖ ብቻ ይህን አትጠብቅ። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብህ አይቁም። ጠርሙሱን ከሞተሩ አርቀህ ያዝ፣ ባይሆን ቱቦ ቀጥልበት።

«ጤና ይስጥልኝ። ዘይት ሳልጨምር የዘይቱ ልክ ከፍ እያለ ነው። ሽታውም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። መንዳት እችላለሁ?» (ከፍኖተ ሰላም፣ ጡረታ የወጡ መምህር)

አይችሉም፣ የኔታ። እባክዎ ዛሬውኑ ያቁሙት።

ከሁሉም ጥያቄ የፈራሁት ይህን ነው። ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራቶር መሄዱን ትቶ በፓምፑ ሥር ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ ብሮንዚኖቹን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸውን መቀመጫዎች) አይጠብቅም፣ ጥቂት ቀን ተነድቶ ሞተሩ ይበላል። ከዚያ በላይ ደግሞ የቤንዚን ትነት ሞተር ውስጥ መታመቁ በራሱ አደጋ ነው። የዘይቱን መለኪያ አውጥተው ያሽትቱት፣ በሁለት ጣት መካከል ይሹት። እንደ ውሃ ከቀጠነ ጥርጥር የለውም።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። የካርቡራቶሩ መርፌ ካልዘጋም ቤንዚን ሞልቶ በሲሊንደሩ በኩል ዘይት ውስጥ ይገባል። እንዲያ ከሆነ ካርቡራቶሩ ውጭው ይረጥባል፣ ካንዴላዎቹም ጥቁርና እርጥብ ይሆናሉ። ካርቡራቶሩ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ከጨመረ ግን ዲያፍራሙ ነው። ፓምፑን ካሠሩ በኋላ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይለውጡ። ትንሽ ቀድቶ ትንሽ መጨመር አይበቃም።

«አዲስ ፓምፕ አስገጠምኩ፣ ካርቡራቶሩ ሞልቶ ይፈሳል። አሮጌው እንኳን ይሻል ነበር። ተታለልኩ እንዴ?» (ከባሕር ዳር)

ላትታለዪ ትችያለሽ፣ እህቴ። ያንቺም ቮልስ ስለሆነ ልንገርሽ። ቮልስ ላይ ጉብታው የፓምፑን ምላስ በቀጥታ አይገፋም፤ በመካከላቸው ፓምፑን ከታች የሚገፋ ቀጭን ዘንግ አለ። ባትሪውን የሚሞላው ዳይናሞ በሆነባቸው ሞተሮች ላይ ዘንጉ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ አልተርኔተር በሆነባቸው ላይ 100። ፓምፖቹም በዚያው ልክ ይለያያሉ። የአንዱን ፓምፕ ከሌላው ዘንግ ጋር ካጋቡት ወይ ከልክ በላይ ይገፋል፣ ወይ ጭራሽ አይደርስም። ዘንጉን አውጥተሽ በማስመሪያ ለኪው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፓምፑ ሳይኖር ሞተሩን በእጅ ስታዞሪው፣ ዘንጉ ከመቀመጫው በላይ ከፍ ሲል 13 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከበለጠ ከሥሩ ጋስኬት ጨምሪበት፣ ግፊቱ ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ ፓምፕ ግጠሚ የሚሉሽም ይኖራሉ። ካርቡራቶር የሚፈልገው ግፊት 3 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። የዘመናዊ መኪና የኢንጄክሽን ፓምፕ ከዚያ አሥር እጥፍ በላይ ይገፋል፣ የካርቡራቶሩ መርፌ አይችለውም።

«ላንድሮቨሬ ሦስት ቀን ከቆመ ጠዋት ባትሪ እስኪሞት ሞተሪኖ እመታለሁ። አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ችግር የለውም።» (ከሞጣ)

ቤንዚኑ ወደ ታንኩ ተመልሶ እየወረደ ነው። ወይ የፓምፑ ቫልቭ በቆሻሻ ተይዞ አይዘጋም፣ ወይ ቱቦ ላይ ስንጥቅ አለ።

ቱቦውን አስቀድም። ለምን እንደሆነ ከራሴ ልንገርህ። አንድ ጊዜ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ መኪናዬ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቆመችብኝ። አንድ ጋራዥ አንድ ፓምፕ አስገዛኝ፣ ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ጥፋቱ ከታንኩ ሥር ያለች አንድ ጣት የማትሞላ የጎማ ቱቦ ነበረች። ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር የሚሳብ መስመር ነው። ሲሰነጠቅ ሁልጊዜ ቤንዚን አያንጠባጥብም፣ አየር ነው የሚያስገባው። መሬት ላይ ጠብታ ስለሌለ ማንም አይጠረጥረውም። ቱቦውን እጠፈው፤ ስንጥቅጥቅ ካለ ለውጠው፣ ፋሸታውንም አጥብቅ።

ያንተ ፓምፕ ከጎኑ በእጅ የሚሞላበት ትንሽ ምላስ ካለው ባትሪህን አትጨርስ፣ እሱን ደጋግመህ ነቅንቅ። ቀልሎ ምንም የማይሠራ ከመሰለህ ተበላሸ አትበል፣ ጉብታው ከፍ ብሎ ቆሞ ነው። ሞተሩን ትንሽ አዙረህ እንደገና ሞክር።

«ሩቅ ስሄድ ይጠፋል፣ የታንኩን ክዳን ስከፍት ፉሽ ይላል፣ ከዚያ ይነሳል።» (ከዳንግላ)

ክዳኑ ነው። መተንፈሻው ተደፍኗል። እጠበው፣ በቀጭን ሽቦ ክፈተው። ፓምፑን አትንካው።

«ማደያ ሲጠፋ በጀሪካን እገዛለሁ። ፓምፑን የሚጎዳው ይህ ይሆን?» (ከደምበጫ)

ይጎዳል፣ ግን ፈትሸህ መግዛት ትችላለህ። ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ቀድተህ ትንሽ አቆየው። ውሃ ካለ ከታች ይለያል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ግን በዓይን አይለይም፤ ንጹሕ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ አድርግ። ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ግን የቅባት ምልክት ይተዋል። ዝገትና አሸዋ ደግሞ የፓምፑን ቫልቮች ክፍት አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ከታንኩ በታች፣ ከፓምፑ በፊት፣ ፊልትሮ አድርግ። የፕላስቲኳን ፊልትሮ ሞተሩ ላይ አታንጠልጥላት። ቱቦዋ ወልቆ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ቤንዚን ፈስሶ ስንት ቮልስ ተቃጥሏል።

ሌላም እለምንሃለሁ፤ ከጀሪካን ቤንዚን በአፍህ አትሳብ። ወደ ሳንባ ከገባ ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። ከዋጥከውም በግድ አታስታውክ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂድ።

«ዲያፍራም ስላጣን ከጎማ ውስጠኛ ቆርጦ የሚሠራልን ሰው አለ። ይሆናል?» (ከቢቸና)

አይሆንም። ያ ጎማ የተሠራው አየር ለመያዝ ነው፣ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም ቢሆን አሮጌውን ጎማ ቶሎ ይበላዋል። መርካቶ ስትልክ «ቤንዚን የሚችል» ብለህ ጠይቅ፣ የአሮጌውንም ናሙና አብረህ ስጥ። ስትገጥመው የላይኛውንና የታችኛውን አካል ሳትፈታ በፊት በካቻቢቴ ጫር አድርገህ ምልክት አድርግ፣ አለዚያ መግቢያና መውጫው ይዞርብሃል። ብሎኖቹን በየተራ፣ በመስቀለኛ፣ ቀስ እያልክ አጥብቅ። የቀደመውን ዲያፍራም ደግሞ ሌላው እስኪገኝ አትጣለው፣ ልኩን የምትወስድበት እሱ ነው።