ሞተሯ የተነካካ ሱባሩ በካሊፎርኒያ ስሞግ እንድታልፍ፦ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራች ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ከግለሰብ ገዝተዋል፤ የአየር ማስገቢያዋ፣ ከቱርቦው ቀጥሎ ያለው የጭስ ቧንቧዋና የኮምፒውተር ፕሮግራሟ በቀድሞው ባለቤት ተቀይረዋል፤ ሻጩ የስሞግ፣ ማለትም የጭስ ብክለት ምርመራ፣ ማለፊያ ወረቀት ሳይሰጥዎት ሄዷል፤ መኪና የሚመዘግበው የስቴቱ ቢሮ፣ ዲኤምቪ፣ ደግሞ ያለዚያ ወረቀት ስም አላዞርም ብሏል። ጥያቄዎም «ኮዱን (ኮምፒውተሯ የመዘገበውን የብልሽት ምልክት) አጥፍቼ በማግስቱ ብወስዳት ታልፋለች ወይ?» የሚል ነው። አታልፍም። እኔም የ2012 ምርት የሆነች ተመሳሳይ መኪና እዚሁ ሎስ አንጀለስ ገዝቼ፣ እርስዎ ያሰቡትን አድርጌ ወድቄያለሁ። ስለዚህ የወደቀችበትን ምክንያትና በመጨረሻ ያለፈችበትን መንገድ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

ብዙዎቻችን ስሞግ ሲባል ጭስ ማውጫው ውስጥ መለኪያ ሰክተው ጭሱን የሚመዝኑ ይመስለናል። ይህ በአብዛኛው ከ1976 እስከ 1999 ለተሠሩት የቤንዚን መኪኖች ነው። ከ2000 ወዲህ ለተሠሩት ግን መርማሪው ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ መሣሪያውን ያያይዝና የመኪናዋን ኮምፒውተር ያነብባል፤ ከዚያም ኮፈኑን ከፍቶ በዓይኑ ይመለከታል። ስለዚህ አንዳንዶች የመከሩዎት «ታንከሩ ውስጥ ትንሽ አልኮል ጨምርበት» የሚለው ዘዴ ለእርስዎ መኪና ምንም ትርጉም የለውም፤ ጭሱን የሚለካ ሰው የለምና።

ኮድ ማጥፋት ለምን እንደማይረዳ ላስረዳ። የመኪናዋ ኮምፒውተር በጉዞ ላይ ሳለች መኪናዋን በየክፍሉ ይፈትናል፦ የካታሊስቱን (ጭስ ቧንቧው ላይ ሆኖ ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ)፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹን፣ የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያውን ሁሉ። ኮዱን ሲያጠፉ ወይም ባትሪ ሲነቅሉ፣ ቼክ ኢንጂን የሚባለው የማስጠንቀቂያ መብራት ብቻ ሳይሆን የእነዚህ ፈተናዎች ውጤት ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። ከ2000 ወዲህ ለተሠራ የቤንዚን መኪና ደግሞ ሳይጠናቀቅ ቢገኝ የሚፈቀደው የነዳጅ ትነቱ ፈተና ብቻ ነው፤ ሌላ አንድ እንኳ ከጎደለ ወረቀቱ አይሰጥም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በ2010 እና ከዚያ በኋላ በተሠሩ መኪኖች ላይ «ቋሚ ኮድ» የሚባለውም ይታያል። ይህን ኮድ በገበያ የሚሸጥ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ አያጠፋውም፤ ጥፋቱ በእርግጥ መታረሙን ኮምፒውተሩ ራሱ ሲያረጋግጥ ይሰርዘዋል። ቋሚው ኮድ ተቀምጦም ቢሆን የማይቆጠረው፣ ኮዱ ከጠፋ በኋላ መኪናዋ ቢያንስ 200 ማይል ከተነዳችና ቢያንስ 15 ጊዜ ቀዝቅዛ ተነስታ ከሞቀች ነው። እኔ ኮዱን ማታ አጥፍቼ ጠዋት ስወስዳት 11 ማይል ነበር የነዳኋት። መርማሪው ስክሪኑን አይቶ ሳቀ።

የሶፍትዌሩ ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የምርመራው መሣሪያ የኮምፒውተሩን የፕሮግራም መለያና የማረጋገጫ ቁጥር አንብቦ፣ ከአምራቹ ወይም በካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ከጸደቀው ጋር ያመሳስላል። ካልተመሳሰለ ሞተሯ የቱንም ያህል ንጹሕ ብትሆን ትወድቃለች። የቀድሞው ባለቤት ያስጫኑት ፕሮግራም የካታሊስቱን መከታተያ ዘግቶት ከሆነም፣ ቼክ ኢንጂን መብራት አለመብራቱ ደህንነትን አያመለክትም፤ የሚያየው ዓይን ተሸፍኖበታል ማለት ብቻ ነው።

ሦስተኛው የዓይን ምርመራ ነው። ከፋብሪካ ያልወጣ የአየር ማስገቢያ ከተገኘ መርማሪው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቦርዱ ለዚያ ዕቃ የሰጠውን የፈቃድ ቁጥር፣ እዚህ ሁሉም «ኢኦ ቁጥር» የሚለውን። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ «ዲ» በሚለው ፊደል ይጀምርና በዕቃው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል። የፈቃዱ ዝርዝር የእርስዎን የመኪና ዓይነትና ዓመት ማካተት አለበት፤ ለሌላ ሞዴል የጸደቀ ቁጥር አይሠራም። ካታሊስት የሌለው ቧንቧ ግን በካሊፎርኒያ ብቻ ሳይሆን በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግም የተከለከለ ስለሆነ፣ የሚፈልጉለት ቁጥር የለም። ከካታሊስቶቹ በኋላ ያለው ማርሚታ ከተቀየረ ግን ለስሞግ ሲሉ ገንዘብ አያባክኑበት፤ ኢኦ ቁጥር አይጠየቅበትም። ድምፁ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት፣ እኔንም ዋጋ ወደ አስከፈለኝ ነገር ልምጣ። ከወደቅሁ በኋላ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄጄ፣ «መጀመሪያ የፋብሪካውን ፕሮግራም እንመልስ፣ ቧንቧውን በሚቀጥለው ወር ትቀይራለህ» አለኝ፤ ርካሽ ስለሆነ ተስማማሁ። ይህ የተገለበጠ ቅደም ተከተል ነው። የተቀየረው የአየር ማስገቢያ የቱቦው ስፋት ከፋብሪካው ስለሚለይ፣ የአየር መጠን መለኪያው ሴንሰር ለኮምፒውተሩ የተሳሳተ መጠን ይነግረዋል፤ የሚሰጠው ነዳጅም ሊያንስ ይችላል፤ ያንን ስሕተት የሚያርመው የወጣው ፕሮግራም ነበር። ቧንቧውም ካታሊስት ስለሌለው ጭሱ ያለ ከልካይ ይወጣል፤ ቱርቦውም የፋብሪካው ፕሮግራም ከሚጠብቀው በላይ ይነፋል። ነዳጁ ሲያንስና ግፊቱ ሲበዛ ሞተሩ ሊሰበር እንደሚችል ለሱባሩ ባለቤት መንገር አያስፈልግም። የእኔዋ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት በድንገት ነዳጁን ቆርጣ ትንገጫገጭ ጀመር፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን የሚወስደው እርምጃ ነበር። ፒስተኗ ሳይሰነጠቅ በመቆየቷ ዛሬም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ስለዚህ እርስዎ መጀመሪያ ዕቃውን ይመልሱ፤ ፕሮግራሙን በዚያው ዕለት ያስከትሉ፤ ከዚያ ይንዱ፤ ምርመራው የመጨረሻው ይሁን።

ዕቃውን ስለመመለስ፦ ዛሬውኑ ለሻጩ ይደውሉና የመኪናዋ የራሷ ቧንቧ፣ የአየር ሳጥንና ፕሮግራሙ የተጫነበት የእጅ መሣሪያ ጋራዡ ውስጥ እንዳሉ ይጠይቁት። እነዚህን ዕቃዎች የሚያወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አይጥላቸውም፤ የእኔ ሻጭ ሳጥኑን አልጋ ሥር ነበር ያስቀመጠው። መሣሪያው በተለይ አስፈላጊ ነው፤ አክሰስፖርት የመሰሉት ከአንዲት መኪና ጋር ስለሚቆለፉ፣ የፋብሪካውን ፕሮግራም በደቂቃዎች የሚመልሰው ያው የተጫነበት መሣሪያ ነው። ሻጩ ከተግደረደረ በትሕትና አንድ ነገር ያስታውሱት፦ በካሊፎርኒያ ሕግ መኪና ሲሸጥ የስሞጉን ወረቀት የማቅረብ ግዴታ ያለበት ሻጩ እንጂ ገዢው አይደለም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ሳውቅና ስነግረው ግን የስልኩ ቃና ተለወጠ።

ቧንቧው ከጠፋ ግን ይጠንቀቁ። ከኢንተርኔት ወይም ከአሮጌ መኪና ግቢ ያገለገለ ካታሊስት ይግዙ የሚሉ አሉ። በካሊፎርኒያ ያገለገለ ካታሊስት መሸጥም ሆነ መግጠም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ክልክል ነው። የሚፈቀደው የአምራቹ አዲስ ዕቃ ወይም ለእርስዎ መኪና ኢኦ ቁጥር ያለው ሌላ አዲስ ካታሊስት ብቻ ነው፤ በሌላ ስቴት የሚሸጡት ርካሾቹ ይህ ቁጥር የላቸውም። ውድ መሆኑን አልክድም። በሚገጠምበት ጊዜ አዲስ ጓርኒሲዮን ይግዙ፤ አሮጌው ትንሽ እንኳ ካፈሰሰ የኋላው ሴንሰር (ከካታሊስቱ በኋላ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር) ይሳሳትና ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ መንዳት ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል። 30 ዶላር የማይሞላ ማንበቢያ ይግዙ፤ የትኛው ፈተና እንደተጠናቀቀ፣ ኮድ ከጠፋ ወዲህ ስንት ማይል እንደተነዳች፣ ስንት ጊዜ እንደሞቀች ያሳያል። ታንከሩ ከሩብ በላይ ከሦስት ሩብ በታች ይሁን። መኪናዋ ሌሊቱን ትደር፤ ጠዋት አስነስተው ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ያቁሟት፤ ከዚያ በሃይዌይ በ55 እና በ60 ማይል መካከል ነዳጁን ሳይለዋውጡ 15 ደቂቃ ያህል ይንዱ፤ ሲወጡ ፍሬን ሳይረግጡ በማርሽ ቀስ ብላ እንድትቀንስ ይተዉአት። እኔ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ እሑድ ማለዳ ከቅዳሴ በፊት ነበር የማደርገው። የካታሊስቱ ፈተና በአራተኛው ቀን ሞላ፤ 200 ማይሉን ግን ለማሟላት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በዚህ መሀል ባትሪ አይንቀሉ፤ «ለማንኛውም» ብለውም ኮድ አያጥፉ፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ማንበቢያው ሁሉንም ካሳየ በኋላ መደበኛውን ምርመራ ከማስደረግዎ በፊት ቅድመ ምርመራ ይጠይቁ፤ ውጤቱ ወደ ዲኤምቪ አይሄድም፣ የቀረ ነገር ካለም ያሳያል። የዲኤምቪው ወረቀት «ስታር» (ስቴቱ ልዩ ደረጃ የሰጠው) ጣቢያ ውሰድ የሚል ከሆነ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄደው ገንዘብ አይክፈሉ። ፈቃድ ባለው ዕቃዎ ላይ ወይም በተመለሰው ፕሮግራም ላይ ከመርማሪው ጋር ካልተግባባችሁ፣ ስቴቱ ለዚህ ያቆመው «ሬፈሪ» አለ፤ ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ።

የኋላውን ሴንሰር በቁራጭ ቱቦ አርቆ ማታለልን፣ «የሚያሳልፍ ሰው አውቃለሁ» የሚለውንና ኔቫዳ ባለ ዘመድ አድራሻ ማስመዝገብን በተመለከተ ከእኔ ምክር አይጠብቁ። የመጀመሪያውን የዓይን ምርመራው ያየዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ማጭበርበር ናቸው፤ በዚያ ላይ የመርማሪው መሣሪያ ያነበበው ሁሉ ወደ ስቴቱ ስለሚተላለፍ የሌላ መኪና ንባብ በእርስዎ ስም ማስገባት የዱሮ ዘመን ሥራ ነው።

አሁን ኮፈኑን ይክፈቱና የአየር ማስገቢያው ቱቦ ላይ ወይም በአካባቢው የተለጠፈ ቁጥር እንዳለ ይመልከቱ። ካለ ፎቶውን እዚህ ይለጥፉልን፤ ለ2013 ደብሊው አር ኤክስ የተሰጠ መሆኑን ከቦርዱ መዝገብ አብረን እናጣራለን፤ ከሆነ ቢያንስ የአየር ሳጥኑን ከመቀየር ሊድኑ ይችላሉ።