«ድሪቶ» ያልኩበት ምሽት

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ አስቆመችኝ። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የተወለደች ልጅ ናት። «ማዘር፣ አንቺ ላይብረሪ ነበር አይደል የምትሠሪው?» አለችኝ። (እዚህ ለተወለዱ ልጆች «እርስዎ» አይመጣላቸውም። መቆጣቱን ትቼዋለሁ።) ክፍል ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችን ልቦለድ እንዲያነቡ ታዘዋል። «ደስ ይላል፤ ግን የእነሱ ታሪክ ነው። እኛ የራሳችን ባህል አለን። ምን አገባን?»

የሆነ ነገር መለስኩላት። ጥሩ መልስ አልነበረም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «እኛ የራሳችን ባህል አለን» የሚለውን ነገር አውቀዋለሁ። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ከእኔ አፍ ወጥቷል።

ያኔ ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ ያውቀዋል፤ ያቺ ጠባብ ሳጥን፣ እግር ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ጉልበት ላይ መጽሐፍ። የዲግሪዬን ግማሽ ያገኘሁት እዚያ ነው። ዛሬ ስልክ አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ቲክቶክ ያያል። ይሁን፣ እኔም ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ እንጃ።

ክፍላችን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ቀን ሆስፒታል ሕመምተኛ ያጥባሉ፣ ማታ ከእኛ ጋር ይማራሉ። አንድ ሳምንት ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ አሊስ ዎከር በ1973 ያወጣችውን አጭር ልቦለድ አነበብን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ገጠር የምትኖር እናት ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ትልቋ ተምራ፣ ስሟን ወደ አፍሪካ ስም ቀይራ፣ ካሜራ ይዛ ትመጣለች። አያቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የገጣጠሟቸውን ብርድ ልብሶች ውሰጂ በሉኝ፣ ግድግዳ ላይ ልስቀላቸው ትላለች። የአያትየዋ ቀሚስ ውስጣቸው አለ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደንብ ልብስ ቅዳጅም አለ። እናትየዋ ግን ለታናሿ፣ ለዓይን አፋሯ ቃል ገብታለች። ትልቋ «እሷማ በየቀኑ ለብሳ ትጨርሰዋለች!» ብላ ትጮኻለች። እናትየዋ ነጥቃ ለታናሿ ትሰጣለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሴትዮዋ የራሳቸውን ብርድ ልብስ በፌስታል ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን እያሳረፉ፣ ይህቺ የእናቴ መጋረጃ፣ ይህቺ የአያቴ የፋሲካ ቀሚስ፣ ይህቺ ደግሞ የእሷ እናት ሽርጥ እያሉ ስማቸውን ይጠራሉ። እኔ አጠገቤ ለነበረችው ሐበሻ ጓደኛዬ በአማርኛ «ድሪቶ እኮ ነው!» አልኳት። ሳቅን። ቃሉን አላወቁትም፤ ሳቁን ግን አወቁት። ጣታቸው ባለበት ቆመ።

ያ ሳይበቃኝ፣ መምህራችን አስተያየት ሲጠይቀን እጄን አነሳሁ። የእናንተን ባህል ወሰዱባችሁ፣ ያሳዝናል፤ እኛ ግን የራሳችን ባህል አለን፣ ሦስት ሺህ ዓመት ብዬ ጀመርኩ። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ዞር ብለው «የእናትሽ እናት፣ የእሷ እናት ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። አባቴ ሰባት ቤት አስቆጥሮኛል። አንድ በአንድ እወርደዋለሁ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ስሜ ራሱ የአባቴና የአባቴ አባት ነው። በእናቴ በኩል ከአያቴ በላይ ጨለማ ነው። ሴትዮዋ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ፌስታሉ ውስጥ መለሱት። ከዚያ ምሽት በኋላ ከፊቴ አልተቀመጡም።

ያ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የገባኝ ላይብረሪ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ቨርጂኒያ በ1662 ያወጣችው ሕግ ልጅ ነጻም ባሪያም የሚሆነው በእናቱ ነው ይላል። አባቱ ጌታው ራሱ ቢሆን እንኳ የባሪያዋ ልጅ ባሪያ ነው። በእናት በኩል የወረደው ውርስ እንግዲህ ሰንሰለቱ ነበር። እነዚያ ሴቶች ግን በዚያው መስመር የወጥ አሠራር፣ ተረት፣ ስፌት፣ ስም አወረዱ። ልቦለዶቹ ውስጥ አያት፣ እናት፣ አክስት የሚበዙት ለዚህ ይመስለኛል።

ደራሲዋን ዞራ ኒል ኸርስተንን ውሰዱ። ጥቁሮች ራሳቸው በሚያስተዳድሯት ኢተንቪል በምትባል የፍሎሪዳ ከተማ አደገች። የሰፈሯን ሰዎች አነጋገር ሳታርም መጽሐፍ ውስጥ አስገባችው። በ1960 ስትሞት ድሃ ነበረች። በመዋጮ ተቀበረች፤ መቃብሯ ላይ ድንጋይ እንኳ አልቆመም። በ1973፣ ያቺ አጭር ልቦለድ በወጣችበት ዓመት፣ አሊስ ዎከር ፍሎሪዳ ሄደች። «አክስቴ ናት» እያለች ሰዉን ጠየቀች። ዘመዷ አልነበረችም። አረም በዋጠው መቃብር ውስጥ ፈልጋ ድንጋይ አቆመችላት።

እናንተ እዚህ ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ክትፎ በልታችሁ ትንሽ ወደ ሰሜን ብትራመዱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ታገኛላችሁ። ዞራ እዚያ ተምራለች። ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰንም ተምራ አስተምራበታለች። ስንት ዓመት በዚያ በር አልፌ እንጀራ ልገዛ ሄጃለሁ።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ከሞሪሰን አትጀምሩ። ስለ ማርጋሬት ጋርነር፣ በ1856 ልጇን ለባርነት ከምትመልስ በእጇ ስለገደለችው እናት፣ ተነስታ የጻፈችው መጽሐፍ ከባድ ነው። እኔ ግን የጀመርኩት በእሱ ነው፣ ሁለቴ ትቼው ሁለቴ ተመልሼ። እንግዲህ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

ድሪቶ ያልኩት ነገርም ይቆጨኛል። እኛ ቤት ያረጀ ጋቢ አይጣልም ነበር። መጀመሪያ የሕፃን መታቀፊያ ይሆናል፣ ሲያልቅ የምጣድ ማሰሻ። ሰፍቶ የሚያቆየው ግን አልነበረም።

ያን ሰሞን ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። የእናትሽ እናት ማን ትባላለች፣ የእሷስ እናት? መልሱ ሁለት ወር ፈጀ። ሦስት ስም ጽፋልኛለች። «ከዚህ በላይ የሚያውቅ የለም» ይላል። ቀጥሎም «ምነው ልጄ፣ ርስት ልትካፈዪ ነው? መሬቱን እኮ ደርግ ወርሶታል» ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ማታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ተርሙ አልቆ ነበር፤ ክፍሉ ተቆልፏል። የሴትዮዋን አድራሻ ጠይቄያቸው አላውቅም።