«ትሪምን ይደግፋል» ሲባል ማን ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ስለ ማከማቻ ድራይቨር (ስርዓተ ክወናውን ከዲስኮቹ ጋር ስለሚያገናኘው ፕሮግራም) በሚናገረው ክፍል «ሾፌሩ በሬድ ውስጥ ለኤስኤስዲ ትሪምን ይደግፋል፤ የተሰረዙ ፋይሎችንም ያጠፋል» ብዬ ጻፍኩ። ኤስኤስዲ መረጃን በሚሽከረከር ዲስክ ሳይሆን በቺፕ ላይ የሚይዝ ማከማቻ ነው፤ ሬድ ደግሞ ብዙ ዲስኮችን አባል አድርጎ በማጣመር አብሮ የማሠራት ዘዴ ነው፤ ቁጥሩ የአጣማመሩን ዓይነት ይነግራል። ስለ ሬድ 5 ደግሞ «ከትሪም በኋላ ኤስኤስዲው ዜሮ ሊመልስ ይችላል» አልኩ። ረቂቁን ያነበቡት ባለሙያ ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ሆነው ሳለ ምንም አልጨበጥኩም አሉኝ። ጉድለቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ባለሙያው እውነት አላቸው። ከቀላሉ ልነሣ። «ሾፌር» በአማርኛ መኪና የሚነዳ ሰው ነው፤ ባለሙያዎች ሁሉ «ድራይቨር» ስለሚሉ እርስዎም እንደዚያው ይጻፉት።

ከባዱ ችግር «ይደግፋል» ነው። መደገፍ የሚወድቀውን ማቆም ነው፤ ወይም ከአንድ ወገን ጋር መሰለፍ ነው። ድራይቨር ትሪምን አያቆመውም፤ አይወግንለትምም። ትሪም ትእዛዝ ነው። ስርዓተ ክወናው ለኤስኤስዲው «በእነዚህ አድራሻዎች ያለው መረጃ ከእንግዲህ አይፈለግም» ብሎ የሚያሳውቅበት። ስለዚህ ስርዓተ ክወናው ይልካል፣ ድራይቨሩ ያስተላልፋል፣ ኤስኤስዲው ይቀበላል። ሦስት ባለቤት አለ፤ ሦስት ግስም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ትሪምን መላክ ይችል ነበር፤ በመካከል ያለው ድራይቨር ካላስተላለፈው ግን ትእዛዙ ኤስኤስዲው ዘንድ አይደርስም። «ይደግፋል» ብለን ስንጽፍ ሦስቱን ሥራዎች ስለምናድበሰብስ፣ ትእዛዙ የት ላይ እንደቀረ የሚፈልግ ባለሙያ ከዐረፍተ ነገራችን የሚያገኘው ነገር የለም።

በሬድ ደግሞ «ያስተላልፋል» ብቻውን አይበቃም። በሬድ 0 ስርዓተ ክወናው የሚያየው አንድ ትልቅ ዲስክ ነው፤ መረጃው ግን በአባላቱ ላይ ተቆራርጦ ተቀምጧል። ድራይቨሩ አድራሻዎቹን አስልቶ ለእያንዳንዱ አባል የድርሻውን መላክ አለበት፤ «ከፋፍሎ ያስተላልፋል» ማለት ይገባል። በሬድ 1 ሁሉም አባላት አንድ ዓይነት መረጃ ስለሚይዙ «ለሁሉም ያስተላልፋል» እንላለን።

«በሬድ ውስጥ» የሚለውም ለሁለት ይተረጎማል። ኤስኤስዲው የሬድ አባል ነው ማለት ነው? ወይስ ዲስኮቹ የሚሰኩበት ተቆጣጣሪ በሬድ አሠራር ላይ ተደርጎ ኤስኤስዲው ግን ለብቻው የቆመ ነው? ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኢንቴል የማከማቻ ድራይቨር 9.6 እትም ተቆጣጣሪው በሬድ አሠራር ላይ ሳለም ትሪምን ያስተላልፍ ነበር፤ የሚያስተላልፈው ግን የሬድ አባል ላልሆነ ኤስኤስዲ ነበር። በሬድ 0 ለተጣመሩ ኤስኤስዲዎች ማስተላለፍ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ከ11ኛው እትም ጋር ነው። የሊኑክስ የራሱ ሶፍትዌር ሬድም በዚያው ዓመት መጨረሻ በከርነል (በስርዓተ ክወናው እምብርት) 3.7 እትም ይህን ማድረግ ጀመረ። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ልዩነት የተመቸ ነው፤ «የሬድ አባል የሆነ» እና «የሬድ አባል ያልሆነ» ብለን ከስሙ ፊት ብናስቀምጥ ማንም አይሳሳትም። «ውስጥ» ግን ሁለቱንም ስለሚሸከም ይተዉት።

ወደ «የተሰረዙ ፋይሎችንም ያጠፋል» ልለፍ። ድራይቨሩ የሚያጠፋው ነገር የለም። ትሪም ራሱም ማሳወቂያ ነው፤ ማጽዳቱ ኤስኤስዲው በውስጡ፣ በራሱ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው። በኤስኤስዲ ላይ መረጃ የሚጻፈው በገጽ በገጽ ነው፤ የሚጸዳው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው፤ የተጻፈበት ገጽ ብሎኩ ሳይጸዳ እንደገና አይጻፍበትም። ትሪም ካልደረሰው ኤስኤስዲው የማይፈለገውንም መረጃ ከብሎክ ወደ ብሎክ እያዛወረ ይኖራል፤ ጽሕፈቱ ይዘገያል፣ ዕድሜውም ይቀንሳል። እንግዲህ ሁለት ቃል ያስፈልገናል። መሰረዝ በተጻፈ ነገር ላይ መስመር ማስመር ነው፤ ጽሑፉ ከሥሩ አለ። ፋይል ሲሰረዝም የሚሆነው ይኸው ነው። ኤስኤስዲው ለሚሠራው ማጽዳት ግን እኔ «መፋቅ»ን እመርጣለሁ፤ ብራና የሚፋቀው ዳግመኛ እንዲጻፍበት ነውና። «መደምሰስ»ም አይከፋም፤ ለአዲስ ጽሕፈት ማዘጋጀትን ግን አይነግረንም። ዐረፍተ ነገርዎ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የሬድ 0 አባል ለሆኑ ኤስኤስዲዎች፣ ድራይቨሩ ከስርዓተ ክወናው የመጣውን የትሪም ትእዛዝ ከፋፍሎ ያስተላልፋል፤ የተሰረዙት ፋይሎች የነበሩባቸውን ብሎኮች ኤስኤስዲዎቹ በኋላ ራሳቸው ይፍቃሉ።»

ረዘመ፤ ግን አሁን ባለሙያው የሚጨብጠው ነገር አለ።

የቀረው «ዜሮ ሊመልስ ይችላል» ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። በአማርኛ «ሊመልስ ይችላል» ችሎታም ነው፣ ምናልባትም ነው። በሬድ 5 ይህ መንታነት መረጃ ያስጠፋል። ሬድ 5 የአባላቱን ይዘት በሒሳብ አጣምሮ ፓሪቲ የሚባል ማረጋገጫ ያስቀምጣል፤ አንድ አባል ሲበላሽ የጠፋው መረጃ ተመልሶ የሚሰላው ከዚያ ነው። ትሪም የደረሰው ቦታ ሲነበብ አንዴ ዜሮ፣ አንዴ አሮጌ መረጃ የሚመልስ ከሆነ ፓሪቲው ከይዘቱ ጋር አይስማማም፤ ስሌቱም የተሳሳተ መረጃ ያወጣል። ሊኑክስም በሬድ 5 ትሪምን ለአባላቱ የሚያስተላልፈው፣ የኤስኤስዲዎቹ ጠባይ አስተማማኝ መሆኑን ተጠቃሚው አረጋግጦ ራሱ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ መመሪያው ዋስትና የሚሰጥ ከሆነ «ከትሪም በኋላ ያ ቦታ ሲነበብ ምንጊዜም ዜሮ ይመልሳል» ይበሉ፤ ዋስትና ከሌለው ደግሞ «ዜሮ ለመመለሱ ማረጋገጫ የለም» ብለው በግልጽ ይጻፉት።