የተጣመመው ቲማቲም፦ ከጎረቤት ማሳ ነው ወይስ ከመርጫው?

ጥያቄ፦ ከቢሾፍቱ ወጣ ባለች ቀበሌ እኖራለሁ። በጓሮዬ 24 እግር ቲማቲም አለኝ። ሐሙስ ዕለት ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ጤፉን ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የተባለ ፀረ አረም ረጨ። ቅዳሜ ደግሞ እኔ፣ ክረምቱ የሚያመጣውን የቅጠል በሽታ ፈርቼ፣ ከወንድሜ መርጫ ተውሼ ማንኮዜብ የተባለ ፀረ ፈንገስ ረጨሁ። ሰኞ ጠዋት ቲማቲሞቹ ተጠማዝዘው አገኘኋቸው። በአጥሩ ሥር ያሉት ቦሎቄና ዱባ ደህና ናቸው። መድኃኒቱ አልቆብኝ ያልረጨኋቸው አራት እግሮችም ምንም አልሆኑም። ጎረቤቴን ለመክሰስ አስቤያለሁ። ቲማቲሞቹን ልንቀላቸው? ፍሬውስ ይበላል?

መልስ፦ እንኳን ከመክሰስዎ በፊት ጠየቁኝ። የፀረ አረም ጉዳት መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ከጎረቤትዎ ማሳ መምጣቱን ግን በጣም እጠራጠራለሁ። ማስረጃው ያለው በራስዎ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ቱፎርዲ ጤፉን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚያጠፋው የተክልን የዕድገት ሆርሞን አስመስሎ ስለሚሠራ ነው። ተክሉ ያለ ልክ እንዲያድግ ይገደዳል፤ የግንዱ አንድ ጎን ከሌላው ቀድሞ ይረዝምና ይጠማዘዛል። ቲማቲም ለዚህ መድኃኒት እጅግ ስስ ነው። ቦሎቄና ዱባም ቢሆኑ አይችሉትም።

እንግዲህ ነፋስ አምጥቶት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመታው አጥሩ ሥር ያለው ቦሎቄ ነበር። ጉዳቱም በአጥሩ በኩል በርትቶ ወደ ቤት ሲጠጋ እየሳሳ በሄደ ነበር። የእርስዎ ጓሮ የሚያሳየው ሌላ ነው፤ የተረጩት 20 እግሮች ተጣመዋል፣ ያልተረጩት አራቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ቦሎቄውም ለምልሟል። የምጠረጥረው የተዋሱትን መርጫ ነው፤ ወንድምዎ በዚያው ሰሞን ጤፍ ወይም ስንዴ ላይ ቱፎርዲ ረጭቶበት እንደሆነ ይጠይቁት።

«አጥቤዋለሁ» ይልዎት ይሆናል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ግን ያስቡት። ለጤፍ በሄክታር 1 ሊትር ያህል ቱፎርዲ በ200 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ፣ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር አለ ማለት ነው። በመርጫው ሥር፣ በጎማውና በወንፊቱ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ ብጥብጥ ብትቀር ግማሽ ሚሊ ሊትር መድኃኒት ቀረ ማለት ነው። ይህች ጠብታ በ15 ሊትር ውሃ ውስጥ ገብታ እንኳን ቲማቲምን ለማጣመም ትበቃለች። ጎማው ደግሞ መድኃኒቱን ይመጠውና ቆይቶ ይለቀዋል። ብዙ ገበሬ በዚህ መንገድ አትክልቱን ሲያጣ አይቻለሁ፤ በየዓመቱ ያንገበግበኛል።

ለማረጋገጥ አሁን ወደ ጓሮ ወጥተው አንድ ቅርንጫፍ በእጅዎ ይያዙ። የቅጠሉ አንገት ወደ ታች ቆልመም ብሎ፣ ጫፉ እንደ አውራ በግ ቀንድ ተጠቅልሎ ከሆነ የቱፎርዲ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የሚወጣው ለጋ ቅጠል ደግሞ ጠቦና ረዝሞ፣ ጅማቶቹ እንደ ሣር ቅጠል ጎን ለጎን ተሰልፈው ያዩታል። ነጭ ዝንብ የሚያስተላልፈው የቅጠል መጠቅለል በሽታ እንደዚህ አይደለም፤ እሱ ቅጠሉን ወደ ላይ እንደ ማንኪያ ያጥፈዋል፣ ዳር ዳሩን ያስቢጫል፣ እግር በእግር እየተዛመተ ይመጣል እንጂ በሁለት ቀን ሃያውንም አይመታም።

ለመንቀል አይቸኩሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡ። እስከዚያ ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ ተክሉ የሚፈልገው ዕረፍት ነው፣ ዩሪያ መጨመር አስጨንቆ ማሳደግ ነው። በቅጠሉና በግንዱ መካከል፣ በብብቱ የሚወጣውን ቅርንጫፍ ሌላ ጊዜ ይቀነጥሱት እንደነበር እገምታለሁ፤ አሁን ግን ይተዉት፤ የሚያድነው እሱ ነው። አዲሱ ቅጠል ወደ መደበኛ ቅርጹ ከተመለሰ ተክሉ ተርፏል፣ ምርቱ ግን ይዘገያል። ጫፉ ከደረቀ ወይም ግንዱ አብጦ ከተሰነጠቀ ይንቀሉት፤ ለከብት አይስጡት፣ ከኮምፖስትም አይቀላቅሉት።

በተረጨ ጊዜ ተንጠልጥሎ የነበረውን ፍሬ ግን አይብሉ፣ ለልጆችም አይስጡ። ቱፎርዲ ለቲማቲም የተፈቀደ መድኃኒት ስላልሆነ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ጠብቃችሁ ብሉ የሚል መመሪያ የለውም። ይህ የሚያሳዝን ኪሳራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለቅመው ይቅበሩት።

ስለ አፈሩ አይስጉ። እርጥበትና ሙቀት ባለው አፈር ውስጥ ቱፎርዲ በጥቂት ሳምንታት ይበሰብሳል። የዘንድሮውን የጤፍ ጭድ ግን መድኃኒቱ ሊኖርበት ስለሚችል በቲማቲሙ ሥር አያንጥፉ።

መርጫውን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፤ ለአትክልት ለብቻው ይኑርዎት፤ መግዛት ቢከብድ ከሁለት ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ ግዙና ቀይ ቀለም ቀቡበት፤ ፀረ አረም አይግባበት። እስከዚያ የወንድምዎ መርጫ በዱቄት ሳሙና ውሃ ተሞልቶ ይደር፤ ጠዋት በጎማው በኩል ተረጭቶ ይውጣ፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ አፈሙዙና ወንፊቱ ተፈትተው ለብቻቸው ይታጠቡ። እጣቢው ወደ ጓሮ ወይም ወደ ጉድጓድ ውሃ እንዳይሄድ፤ ቱፎርዲ የተረጨበት የጤፍ ማሳ ላይ ይፍሰስ።

ከመታጠቡ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉ። በሁለት ጣሳ አፈር ቦሎቄ ይዝሩ። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ በመርጫው ንጹሕ ውሃ ሞልተው አንደኛውን ጣሳ ይርጩ፤ ሌላውን በእጅዎ ውሃ ያጠጡ። አንድ ሳምንት ይጠብቁ። የተረጨው ተጣሞ ሌላው ቀጥ ብሎ ካደገ ጣሳዎቹን ይዘው ወንድምዎ ዘንድ ይሂዱ፤ ጎረቤትዎን ደግሞ ለቡና ይጥሩት።